የሴኡሉ የነገስታት ጓሮ ቱር ዋጋው ይገባዋል ወይ? የቻንግዶክጉንግ ሪቪው

ሴኡል የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚላከው ግዮንግቦክጉንግ ነው፣ ትልቁ ቤተመንግስት፣ ዘበኞቹ በከበሮ የሚቀያየሩበት፣ ሀንቦክ (የኮሪያ የባህል ልብስ) የተከራየ ቱሪስት ፎቶ ለመነሳት የሚጋፋበት። መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ጊዜያችሁ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ቻንግዶክጉንግ ሂዱ ነው የምለው፣ ያውም ለዙፋኑ አዳራሽ ሳይሆን ከጀርባው ላለው ሁዎን ለሚባለው የአትክልት ስፍራ። ቱሪስቱ "ሚስጥራዊው ገነት" ምናምን ይለዋል፣ ነገሩ ግን ነገስታቱ ለራሳቸው አጥረው የያዙት ጓሮ ነው፣ ጓሮ ስል ደሞ 30 ሄክታር አልፎ የሚሄድ ጫካ፣ ኮረብታ፣ ኩሬና በየጥጉ የተደበቁ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ማለቴ ነው። ከቤተመንግስቱ ጠቅላላ መሬት ከግማሽ በላይ የሚይዘው እሱ ነው።

እነዚህ ትንንሽ ቤቶች ጆንግጃ ይባላሉ፣ እኔም እንደዛው እያልኩ እቀጥላለሁ። ምሰሶ፣ ከባድ ጣሪያ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የሳንቃ ወለል፣ አለቀ። ግድግዳ አብዛኞቹ የላቸውም፣ ያላቸውም ቢሆኑ ግድግዳው ተነስቶ የሚሰቀል በር ነው። ሰው ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ውሃ እያየ ሊያነብ፣ ሊጠጣ፣ ግጥም ሊገጥም፣ ወይ ዝም ሊል የሚሰራ ቤት ነው። ይሄንን ያዙልኝ ምክንያቱም ቱሩ ላይ ያለኝ ቅሬታም አድናቆትም ከዚህ ነው የሚነሳው።

ስለ ቲኬት ቶሎ ልበልና ልለፈው። እኔ ስሄድ ቤተመንግስቱ 3000 ዎን፣ ሁዎን ደሞ ለብቻው ተጨማሪ 5000 ዎን ነበር፣ ባጠቃላይ ወደ 6 ዶላር ገደማ። ዝም ብሎ መግባት አይቻልም፣ ሰዓት ተቆርጦለት በቁጥር ነው የሚገባው፣ ግማሹ ቲኬት ኦንላይን ግማሹ እዛው በር ላይ ይሸጣል። በእንግሊዝኛ፣ በቻይንኛ፣ በጃፓንኛና በኮሪያኛ ጋይድ አለ። ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ሀንቦክ የለበሰ ሰው ቤተመንግስቱን በነፃ ይገባል ግን የሁዎን ቲኬት አይቀርለትም፣ ይሄንን ሳያውቁ ሄደው በር ላይ የሚጨቃጨቁ አይቻለሁ። በሰብዌይ መስመር 3 አንጉክ ጣቢያ ወርዳችሁ በመውጫ 3 ስትወጡ ትንሽ መንገድ በእግር ነው።

አንድ ምክር፦ ቲኬቱን በሻጭ በኩል አትግዙ። እኔ አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር ቦታ እንዳናጣ ብዬ በአንድ የቱር አፕ (ስሙን አልጠራም) ያለ ወረፋ ትገባላችሁ የሚለውን ገዛሁ፣ ከእውነተኛው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፣ ስንደርስ ሰውየው ራሱ ወረፋ ተሰልፎ ያንኑ 5000 ዎን ቲኬት ገዝቶ ሰጠን። ከቤተመንግስቱ የራሱ ዌብሳይት ላይ መግዛት ትንሽ ያታክታል ግን ይሰራል። በመኸር፣ ጥቅምት መጨረሻና ህዳር ላይ፣ ቅጠሉ ሲቀላ ግን ቲኬት ማግኘት ጭንቅ ነው፣ በተከፈተ በደቂቃዎች ያልቃል።

እሺ አሁን ወደ ጓሮው። (ዓመተ ምህረቱን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ቻንግዶክጉንግን በ1405 ያሰራው የጆሶን ስርወ መንግስት ሶስተኛው ንጉስ ቴጆንግ ነው፣ ጓሮውም በዓመቱ ተጀመረ፣ በኋላ ንጉስ ሴጆ በ1463 አካባቢ አሰፋው። በ1592 ጃፓኖች ሲወሩ የሴኡል ቤተመንግስቶች በሙሉ ተቃጠሉ፣ ይሄኛው በ1610 አካባቢ ተመልሶ ሲሰራ ግዮንግቦክጉንግ ግን እስከ 1860ዎቹ ድረስ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ፣ ስለዚህ ለ250 ዓመት ገደማ ንጉሱ በእውነት የሚኖርበት ቤት ቻንግዶክጉንግ ነበር ማለት ነው። የመጨረሻው ንጉሰ ነገስት ሱንጆንግም በ1926 የሞተው እዚሁ ነው። ዩኔስኮ በ1997 መዝግቦታል።

ግዮንግቦክጉንግ በቀጥታ መስመር ነው የተሰራው፣ በር፣ አደባባይ፣ በር፣ አዳራሽ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ተገትሯል። ቻንግዶክጉንግ እንደዛ አይደለም፣ ኮረብታው ሲታጠፍ ግቢውም አብሮ ይታጠፋል። ጓሮው ውስጥ ይሄ ነገር ይብሳል። ከቤተመንግስቱ ወጥታችሁ በሁለት አጥር መሀል ባለች ሽቅብ መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ጥላ ሰርተዋል፣ ወዴት እንደምትሄዱ ምንም አይታይም፣ ከዛ መንገዱ ቁልቁል ይሆንና ታጥፋችሁ ስትወጡ ድንገት ኩሬው ፊታችሁ ላይ ነው። አስቀድሞ እንዲታይ አልተፈለገም፣ ሆን ተብሎ ነው።

ኩሬው ቡዮንግጂ ይባላል፣ አራት ማዕዘን፣ በግምት 35 በ30 ሜትር፣ ዙሪያውን በተጠረበ ድንጋይ የተገነባ፣ መሀሉ ላይ ጥድ የበቀለባት ክብ ደሴት አለች። ኩሬው አራት ማዕዘን የሆነው ምድርን፣ ደሴቷ ክብ የሆነችው ሰማይን ለማሳየት ነው፣ በዛ ዘመን አስተሳሰብ ሰማይ ክብ ምድር አራት ማዕዘን ነበሩ። ከኩሬው አንድ ጎን ነው እንግዲህ ለኔ የቱሩ ዋና ነገር የሆነው ቡዮንግጆንግ ያለው።

ቡዮንግጆንግን መጀመሪያ ንጉስ ሱክጆንግ በ1707 ሌላ ስም ሰጥቶ አሰራው፣ ከዛ ንጉስ ጆንግጆ በ1792 እንደገና ሰርቶ አሁን ያለውን የሎተስ አበባ ስም ሰጠው። ከላይ ብታዩት መስቀለኛ ቅርፅ ነው ያለው፣ ማለትም ተራ አራት ማዕዘን ቤት ሳይሆን በየአቅጣጫው ወጣ ወጣ ያለ፣ ማዕዘኑ የበዛ። ማዕዘን በበዛ ቁጥር የጣሪያው አሰራር ይከብዳል፣ እያንዳንዱ ገባ ወጣ ያለ ጥግ የራሱ ወራጅ ይፈልጋላ፣ እና ያን ሁሉ ጣሪያ በአንዲት ትንሽ ቤት ላይ ያለ መጨናነቅ ማሳረፍ የቻለው አናፂ በጣም የገባው ሰው ነበር። እንጨቶቹ አንዱ በሌላው ተቦርቡሮ እየተሰካኩ ነው የተያያዙት። በኩሬው በኩል ያለው ክፍል ከድንጋዩ ዳርቻ አልፎ ውሃው ላይ ይወጣል፣ ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች ውሃው ውስጥ ቆመው ይሸከሙታል። አክስቴ "እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የተቀመጠ ሽማግሌ ይመስላል" ብላ ሳቀች፣ ደግማ ደጋግማ እሷኑ ፎቶ አንሺኝ አለች።

ጠጋ ብላችሁ ማየት ያለባችሁ በሮቹን ነው። የእንጨት ፍርግርግ ሆነው ከውስጥ በሀንጂ፣ ማለትም ከእንጆሪ ዓይነት ዛፍ ልጥ በሚሰራው ወረቀት የተሸፈኑ ናቸው። በሩ መጀመሪያ ይታጠፋል፣ ከዛ ታጥፎ እንዳለ ወደ ላይ ይነሳና ከክፍክፉ ስር ባለ የብረት መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። እስኪ አስቡት፣ ክረምት (እዛ ብርዱ ነው) ሲሆን ሁሉም ወርዶ ቤት ነው፣ በጋ (ሙቀቱ) ሲሆን ሁሉም ተሰቅሎ ምሰሶና ጣሪያ ብቻ ይቀራል፣ ግድግዳው ጭንቅላታችሁ በላይ ነው ያለው። እኛ ስንሄድ በሮቹ ግማሹ ተሰቅለው ነበርና መንጠቆዎቹ በደንብ ይታያሉ። የውሃው በኩል ያለው ወለል ደሞ ከሌላው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፣ ንጉሱ የሚቀመጠው እዛ ነዋ።

ክፍክፉ በጣም ረጅም ነው፣ ጠርዙ ላይም ወደ ላይ ቀና ይላል። ለውበት ብቻ አይደለም፣ የኮሪያ በጋ ዝናብ ነው፣ ወረቀት ግድግዳ ያለው የእንጨት ቤት ዝናብ እንዳይመታው ጣሪያው ርቆ መውጣት አለበት፣ በጋ ላይ ፀሀይ ከአናት ስትሆን ክፍክፉ ይከልላታል፣ ክረምት ላይ ዝቅ ብላ ስትመጣ ደሞ ከስሩ ታልፋለች። ቀለሙም እንደዛው ነው። ያ አረንጓዴ ቀይ ሰማያዊ ዝብርቅርቅ ዳንቾንግ ይባላል፣ አምስት መሰረታዊ ቀለም ነው፣ እንጨቱን ከእርጥበትና ከነፍሳት ይጠብቃል፣ በዛ ላይ የቤተመንግስትና የቤተ መቅደስ መብት ነበር፣ ተራ ሰው ሀብታምም ቢሆን ቤቱን እንደዛ መቀባት አይፈቀድለትም ነበር።

የኩሬው ደቡብ ምስራቅ ጥግ ላይ ደሞ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነገር አለ፣ ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ ከውሃው የሚዘል አሳ ተቀርጿል። ጋይዷ ባትጠቁመን እኛም አናየውም ነበር። ፊት ለፊት፣ ከኩሬው ማዶ ቁልቁለቱ ላይ የቆመው ባለ ሁለት ፎቅ ጁሃምኑ ነው፣ ወደሱ የሚያስገባው በር የአሳና የውሃ በር ነው የሚባለው፣ አሳው ሹሙ ውሃው ንጉሱ መሆኑ ነው። ትልቁ መሀለኛ በር የንጉሱ፣ ግራና ቀኝ ያሉት አንገት የሚያስደፉ ትንንሽ በሮች የሹማምንቱ። ጥሩ ፕሮፓጋንዳ ነው እንግዲህ፣ በየቀኑ ጎንበስ ብለህ እየገባህ አሳ መሆንህን ታስታውሳለህ።

ጆንግጆ ማን እንደሆነ ሳታውቁ ይሄን ቦታ ማየት ግማሽ ማየት ነው። አባቱ አልጋ ወራሽ ሳዶ በ1762 በገዛ አባቱ በንጉስ ዮንግጆ ትእዛዝ የእህል ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሞተው፣ ልጁ ያኔ ህፃን ነው፣ ቦታውም ከዚህ አጥር ማዶ ያለው ቻንግግዮንግጉንግ ነው። ይሄ ልጅ በ1776 ሲነግስ በዛው ዓመት ያሰራው ቤት ጁሃምኑ ነው፣ ምድር ቤቱ ጊዩጃንጋክ የተባለ ቤተ መጻሕፍት። መፅሀፍ ማስቀመጫ ብቻ አልነበረም፣ ወጣት ምሁራንን ሰብስቦ የራሱን ሰዎች ያበቀለበት ነው፣ እናቶቻቸው ቁባት በመሆናቸው ሹመት የተከለከሉ ሰዎችን ሳይቀር በ1779 እዚህ ቀጥሯል። በአባቱ ጉዳይ ቤተመንግስቱ በቡድን ተከፋፍሎ ስለነበር የሚያምነው ሰው ያስፈልገው ነበር።

ጎን ያለ ወሬ፦ የዚህ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ጋንግህዋ የምትባል ደሴት ላይ ነበር፣ በ1866 የፈረንሳይ ጦር መጥቶ የቤተመንግስቱን የስርዓት መዛግብት ዘርፎ ሄደ፣ 297 ጥራዝ በ2011 ተመለሰ፣ እሱም እየታደሰ በሚሄድ ውሰት። መቅደላ በ1868 ነው፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ልዩነቱ። አክስቴ ይሄን ስትሰማ "ውሰት? የራሳቸውን?" ብላ ጋይዷን በአማርኛ ጠየቀቻት፣ ተርጉሜ ስነግራት ልጅቷ ፈገግ ብላ "አዎ የራሳችንን" አለች።

ወደ ቡዮንግጆንግ ስመለስ፣ ጆንግጆ በ1795 ሹማምንቱን ሰብስቦ እዚህ ኩሬ ላይ አሳ እያጠመዱ ግጥም የሚገጥሙበት ድግስ አድርጎ ነበር። በተሰጠው ጊዜ ግጥሙን ያልጨረሰ ሰው በጀልባ ተጭኖ መሀል ያለችው ደሴት ላይ "ይጋዛል"፣ ቀልድ ነው፣ ግን ንጉስ ሲቀልድ የሚስቀው ማን እንደሆነ ያው ታውቁታላችሁ። ድግሱ ላይ የነበረው ታላቁ ምሁር ጆንግ ያክዮንግ ፅፎታል። ያቺን ደሴት አይታችሁ እዛ ጥድ ስር የሀር ልብስ ለብሶ ወረቀት ይዞ የሚያላብ የሚኒስትር ማዕረግ ያለው ሰው አስቡት እንግዲህ።

ከኩሬው ምስራቅ ዮንግህዋዳንግ የሚባል ሰፋ ያለ ቤት አለ፣ ፊቱ ያለው ሜዳ የመንግስት ፈተና ይሰጥበት የነበረ ነው። እዚህ ጫማ አውልቀን ወለሉ ላይ እንድንቀመጥ ተፈቀደልን። ሳንቃው በብዙ እግር ለስልሶ እንደ መስታወት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ስትቀመጡ ምሰሶዎቹ ኩሬውን ቆርጠው ፎቶ በፎቶ ያደርጉታል። ቆመን ስናየው ዝም ብሎ ኩሬ ነበር፣ ዝቅ ብለን ስንቀመጥ ወደ ትክክለኛ ቦታው መጣ፣ የመስኮቱ ከፍታ፣ የመደገፊያው ከፍታ፣ የክፍክፉ ዝቅታ፣ ሁሉም የተለካው መሬት ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ነው።

እና የኔ ዋና ነጥብ ይሄ ነው፦ ጆንግጃ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲታይበት ነው የተሰራው፣ ቱሩ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚያሳያችሁ። ቡዮንግጆንግ ላይ መውጣት አይቻልም፣ ሌሎቹም አብዛኞቹ ገመድ አላቸው። የሚገባኝ ነገር ነው፣ በቀን ስንት መቶ ሰው ቢወጣበት የዛ ሳንቃ ዕድሜ ስንት ይሆናል፣ እንጨት ነው። ክልከላውን አልቃወምም። ግን ይሄን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው "አስር ተመሳሳይ ጣሪያ አየሁ" ብሎ ይመለሳል፣ እንደዛ የሚሉ ሪቪዎች ብዙ አንብቤያለሁ፣ እና ሰዎቹ ዋሽተዋል አልልም። መፍትሄው ቀላል ነው፦ በየጆንግጃው ጀርባችሁን ለቤቱ ሰጥታችሁ፣ ቁጢጥ ብላችሁ፣ ቤቱ የሚያየውን እዩ። ሰው ይስቅባችኋል። ይሳቅ።

ቀጥሎ ኤርዮንጆንግ ነው፣ ሱክጆንግ በ1692 ያሰራው፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ግማሹ ውሃ ላይ። ወደሱ ስትሄዱ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ቀጭን በር ታልፋላችሁ፣ በሱ ያለፈ አያረጅም ይባላል፣ አክስቴ ሁለቴ አለፈችበት። አጠገቡ ግን ሁሉም ሰው የሚዘለው ጊኦሆን የሚባል ቤት አለ፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ወደ ሰሜን የዞረ፣ ማለትም ፀሀይ እንዲያገኘው ያልተፈለገ። አልጋ ወራሽ ህዮምዮንግ በ1820ዎቹ ለማንበቢያ ያሰራው ነው። ያን ሁሉ ቤተመንግስት የያዘ ልጅ ጨለማና ብርድ መርጦ ማንበቡ ገርሞኛል። በ1827 በአባቱ ፋንታ መንግስቱን መምራት ጀመረ፣ በ1830 በ20 ዓመቱ ሞተ።

ከዛ ጫካው ጠለቅ ይልና ትንንሽ ኩሬዎች ያሉበት ሸለቆ ትደርሳላችሁ። ግዋልላምጆንግ እዚህ ነው፣ የተዘረጋ ማራገቢያ ቅርፅ ያለው፣ ፎቶ ላይ በጣም ያምራል፣ ለኔ ግን ትንሽ እዩኝ እዩኝ ይበዛዋል። እኔ የወደድኩት ከሱ በላይ ያለውን ጆንዶክጆንግን ነው፣ በ1644 በንጉስ ኢንጆ ዘመን የተሰራ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ ጣሪያው ድርብ። ውጭ ባሉት ቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ አንድ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ውስጥ ባሉት ላይ ሌላ ከፍ ያለ። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩት፣ ሰማያዊና ቢጫ ዘንዶ ተጠማዝዘው ተስለዋል፣ ይሄ ትንሽ ቤት የንጉስ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ውስጡ ደሞ ጆንግጆ በ1798 የፃፈው ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ ረጅም ፅሁፍ ነው፣ ሀሳቡ በአጭሩ ውሃው እልፍ ጅረት ቢሆንም በሁሉም ላይ የሚያበራው ጨረቃ አንድ ነው፣ ጨረቃው እኔ ነኝ የሚል ነው። ቅድም ውሃው እሱ ነበር፣ አሁን ደሞ ጨረቃው ሆነ፣ ሰውየው ለራሱ አላነሰም። ከኋላ ያለው ግዙፍ ጊንግኮ ዛፍ በመኸር ወደ ቢጫ ሲቀየር ቅጠሉ ጣሪያውንም መሬቱንም ይሞላዋል፣ ለዛ ሲባል ብቻ በህዳር ቲኬት መሻማት ያዋጣል።

ኦንግዩቾን ጋ ለመድረስ ዳገት አለ፣ ጉልበት የሚያመው ሰው እዚህ ያስብበት፣ የህፃን ጋሪም አይመችም። ይሄ የጓሮው መጨረሻ ጥግ ነው፣ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ ቆይቶ በ2004 ነው ለህዝብ የተከፈተው። በ1636 ኢንጆ አንድ ትልቅ አለት ላይ ጠመዝማዛ ቦይ አስቀርፆ ውሃው እየዞረ ሄዶ ቁልቁል እንዲወድቅ አደረገ፣ የመጠጥ ዋንጫ ቦዩ ላይ እየተንሳፈፈ ይሄዳል፣ እናንተ ጋ ሳይደርስ ግጥም መግጠም አለባችሁ። አለቱ ላይ የኢንጆ የእጅ ፅሁፍ አለ፣ ከሱ በላይ የልጅ ልጅ ልጁ ሱክጆንግ የ1690 ግጥም ተቀርጿል፣ ውሃው ከሰማይ ሶስት መቶ ክንድ ይወርዳል ዓይነት ነገር ነው የሚለው፣ ፏፏቴው ግን እውነቱን ለመናገር ከወገቤ አይበልጥም። ገጣሚ ነው እንግዲህ ምን ይደረጋል።

እዚሁ ቾንግዊጆንግ አለ፣ በቤተመንግስቱ ውስጥ በሳር የተከደነ ብቸኛው ጆንግጃ። ዙሪያውን ትንሽ የሩዝ ማሳ ከቦታል፣ ንጉሱ የገበሬውን ልፋት እንዲያውቅ ራሱ የሚዘራበትና የሚያጭድበት ነው ይባላል፣ ጣሪያው የሚከደነውም በዛው በማሳው ጭድ ነው። አሁንም በየዓመቱ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ክዳኑም ይታደሳል። አሰራሩ በቀልድ የታለፈ እንዳይመስላችሁ፣ ወለሉ አራት ማዕዘን ነው፣ ጣሪያው ከውስጥ በስምንት ማዕዘን ይጀምርና የሳሩ ክዳን ክብ ይሆናል፣ ከታች ምድር ከላይ ሰማይ፣ ኩሬው ላይ ያየነው ሀሳብ እዚህ በቤት ተደግሟል። ጭዱ ስር ደሞ እንጨቱ በዳንቾንግ ተቀብቷል፣ የገበሬ ቆብ ያደረገ ባለስልጣን ነገር። አክስቴ ክዳኑን ከስር ቀና ብላ በደንብ አየችውና "አከዳደኑ ንፁህ ነው" አለች፣ ገጠር ስላደገች ይሄ ከሷ ትልቅ ምስጋና ነው።

መመለሻ ላይ ያለውን ዮንግዮንግዳንግን በፍጥነት ነው ያየነው፣ ህዮምዮንግ ለአባቱ ለንጉስ ሱንጆ ክብር ድግስ ያሰራው፣ የመኳንንት መኖሪያ ቤት አስመስሎ ያለ ቀለም። የኮሪያ ባህላዊ ቤት አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ጥሩ ነው፣ የወንዶችና የሴቶች መግቢያ ለየብቻ መሆኑን እዩ። እኛ ያኔ ደክሞን ነበር።

ስለ ጋይዷ፦ በጣም ጎበዝ ናት፣ እንግሊዝኛዋ ግልፅ ነው፣ ጥያቄ አትሸሽም። ግን ቱሩ በሰዓት የታሰረ ነው፣ ከኋላ ሌላ ቡድን አለ፣ ስለዚህ በአንድ ቦታ ብዙ አትቆሙም። በእንግሊዝኛው ቱር ቲኬት ገብታችሁ ከቡድኑ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ማለት ትችላላችሁ፣ ጠፍታችሁ እስካልቀራችሁ ድረስ የሚቆጣ አላጋጠመኝም። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ይሻላል፣ ብርሀኑም ለፎቶ ይመቻል፣ ህዝቡም ይቀንሳል። ውሃ ይዛችሁ ግቡ፣ ውስጥ ምግብ ቤት የለም።

አንዳንድ ሰው "ቀለሙ አዲስ ነው፣ ኦሪጅናል አይደለም" ይላል። ቀለሙ አዎ በየጊዜው ይታደሳል፣ የበሰበሰ እንጨትም ይቀየራል፣ የእንጨት ቤት ሶስት መቶ ዓመት የሚቆየው እንደዛ ስለሚደረግ ነው። ያልተነካ እንጨት የምትፈልጉ ከሆነ ፍርስራሽ ነው የምታገኙት። እኔን የሚያሳስበኝ የአናፂው እጅ ነው፣ ያ ሙያ ካለ ቤቱ አለ።

ጆንግጃ ላይ በነፃነት መቀመጥ ለምትፈልጉ ደሞ ሌላ አማራጭ ልንገራችሁ፣ ከሴኡል ርቃችሁ ወደ ደቡብ ዳምያንግ ሂዱ፣ ሶስዌዎን የሚባል የአንድ ምሁር የአትክልት ስፍራ አለ። ባለቤቱ ያንግ ሳንቦ መምህሩ ጆ ግዋንግጆ በ1519 በተጀመረ የፖለቲካ ዘመቻ ሲገደልበት ሹመት በቃኝ ብሎ ገጠር ገብቶ የሰራው ነው። በቀርከሀ ጫካ መሀል፣ ጅረት ዳር፣ መሀሉ ላይ ከስሩ የሚሞቅ አንዲት ትንሽ ክፍል ያላት ግዋንግፑንግጋክ የምትባል ጆንግጃ አለች። ዘንዶ የለ፣ ቀለም የለ። የሁዎን ግርማ የላትም፣ ግን ወለሏ ላይ ተቀምጣችሁ የውሃውን ድምፅ መስማት ትችላላችሁ።

ሴኡል ለመቅረት ለምትገደዱ ደሞ፣ ሁዎን ራሱ በፀደይና በመኸር ወራት አንዳንዴ ከጆንግጃዎቹ የተወሰኑትን ለጎብኚ ከፍቶ መፅሀፍ አስቀምጦ ተቀምጣችሁ እንድታነቡ የሚፈቅድበት ጊዜ አለ። መፅሀፎቹ ኮሪያኛ ናቸው፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቀኑን ዌብሳይታቸው ላይ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ፣ እኔ ከአምስት አራት ኮከብ የምሰጠው በተራው ቀን ለሄድኩበት ነው።